የይመር ካርድ ተደጋግሞ የተመዘነበት ምክንያት

ይመር አራጋው ስሙን በሰሌዳው ላይ ያየው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነው። የኮምቦልቻ ሰው ጠዋት ከዳቦው በፊት ሰሌዳውን ያያል፤ ማን ወጣ፣ ማን ወረደ የሚለው ነገር ከቁርስ ይቀድማል። ሰሌዳው አደባባዩ ላይ ካለው ሕንጻ ወገብ ላይ ተዘርግቶ፣ በሳምንቱ ውስጥ ካርዳቸው ከሌላው ሰው ይልቅ ተደጋግሞ መመዘኛ ቤት የገባላቸውን ሰዎች ስም ከላይ ወደ ታች ይደረድራል። ኳስ ተጫዋች አለ፣ ዘፋኝ አለ፣ ባሏን በአደባባይ የፈታች ባለጸጋ አለች። ከእነሱ በታች፣ ከአንዲት ተዋናይ ቀጥሎ፣ «ይመር አራጋው፣ የውሃ ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ» ይላል።

ዓይኑን ጠረገና ደግሞ አነበበ። ስሙ የራሱ ነው። ፎቶውም ያው፣ ዘንድሮ ሊያስነጥሰው ሲል የተነሳው፣ አፉ ግማሽ የተከፈተ ፎቶ ነው።

«ኧረ የኔ ጌታ!» አለ ጮክ ብሎ።

አጠገቡ የቆመች ሴትዮ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ሰሌዳውን አየች፣ እንደገና እሱን አየችና የዳቦ ሰልፉ ላይ ቦታዋን ለቀቀችለት። «ይለፉ፣ ይለፉ አባቴ» አለችው። ይመር ዕድሜውን ሙሉ ተሰልፏል፤ ሰልፍ የለቀቀለት ሰው ግን ኖሮ አያውቅም።

ካርድ የሌለው ሰው የለም። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሁሉ በየመስከረሙ ፎቶው፣ ሥራውና ዕድሜው ይታተማል፤ እሽጉ በየሱቁ ከሳሙናና ከክብሪት ጎን ይሸጣል። ልጅ ይሰበስባል፣ ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ቄሱም ሼኩም ይሰበስባሉ። ካርድ ማስመዘን ግን ሌላ ነገር ነው። መመዘኛ ቤት የገባ ካርድ ጠርዙ ይለካል፣ ፊቱ በመብራት ይመረመራል፣ ከአንድ እስከ አሥር ደረጃ ይሰጠውና በመስታወት ይታሸጋል። ወረፋው ያሰለቻል፣ ክፍያውም ያማል። ስለዚህ ማንም ጤነኛ ሰው፣ መስከረም ሲጠባ እንደገና የሚታተም የአንድ ምክትል ኃላፊ ካርድ ተሸክሞ እዚያ ድረስ አይሄድም። ከሄደ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ለተራ ሰው ደግሞ የሚታወቀው ነገር ሁለት ነው። ሰውየው ሊሾም ነው፤ የተሾመ ሰው ካርድ ቀለሙ ይለወጣልና የድሮው ይፈለጋል። ወይም ሊሞት ነው፤ የሞተ ሰው ካርድ ከዚያ ወዲያ አይታተምም።

ይመር ሁለተኛውን አላሰበም። የራሱን ሞት ማን ያስባል? ደግሞስ የሚያስበው ሌላ ነገር ነበረው፤ ኃላፊው ጡረታ ወጥተው ወንበራቸው ከጥቅምት ጀምሮ ቋሚ ሰው አላገኘም። ይመር ደግሞ ፀጉሩ ጥቁር ሳለ ጀምሮ ምክትል ነው፤ ሦስት ኃላፊ ሸኝቷል። ዳቦውን በብብቱ ይዞ ቆሞ «በመጨረሻ አዩኝ» አለ ለራሱ።

ወደ ሥራ በታክሲ ሄደ። ሹፌር ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ረዳት ግን እንዴት ተብሎ ይቀራል፣ አሁንም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል። ረዳቱ ይመርን ሲያይ መጮኹን ተወና ክንዱን ደግፎ ከፊት አስቀመጠው። ከኋላ አንዲት ወጣት ከቦርሳዋ ካርድ በወረንጦ ይዛ አወጣች፤ ፊቱን አየች፣ ካርዱን አየች፣ ደግሞ ፊቱን። ይመር እንድታየው ብሎ አንገቱን ቀና አደረገላት። ልጅቷ ግን አልሳቀችለትም፤ ካርዱን ቶሎ መለሰችና በመስኮቱ ማየት ጀመረች።

ቢሮም እንደዚያው ነበር። ሲከራከሩት የኖሩት ሠራተኞች ያለውን ሁሉ «ልክ ነው» ይሉት ጀመር። ጸሐፊዋ ፋንታዬ የራሷን ለስላሳ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችለት። ተጠባባቂው ኃላፊ፣ ትናንት ሰላምታ እንኳ የሚቆጥብ ሰው፣ ትከሻውን ይዞ «ጋሽ ይመር፣ ለምን ትንሽ አያርፉም? ሥራው የትም አይሄድም» አለው።

«አርፋለሁ፣ አርፋለሁ» አለ ይመር እየተጀነነ። «መጀመሪያ የሚስተካከለው ይስተካከል።»

ከሥራ ሲወጣ ልቡ አላስቀምጥ ስላለው ካርድ ነጋዴው ጀማል ሱቅ ጎራ አለ። ጀማል ስስ ጓንት አድርጎ አንድ ካርድ መብራት ስር ያገላብጥ ነበር። ይመርን ሲያይ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ይመር ግን የራሱን አፍ ግማሽ ተከፍቶ አይቶታል።

«በል እስቲ እውነቱን አውጣ» አለው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ። «የኔን የሚያስመዝነው ማነው?»

«ጋሽ ይመር፣ የደንበኛ ስም አይነገርም።»

«እሺ ስሙ ይቅር። ድንገት እንዲህ የበዛው ለምንድነው? ሚኒስትሩ እንኳ በዚህ ሳምንት አልተመዘኑም።»

ጀማል ጓንቱን ከጣቶቹ ጎተተ። «የሚኒስትሩን ሁሉም ሰው ገና ከእሽጉ ሲወጣ በጥንቃቄ ያስቀምጠዋል። ንጹሑ ሞልቷል፤ ማን ይቸኩላል? የእርስዎን ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያስቀመጠ ሰው የለም። ልጆች ተጫውተውበታል፣ እናቶች ከምድጃ አመድ ዝቀውበታል፣ የኔ ሚስት እንኳ የሚወላገድ ጠረጴዛ ስር ስትከተው ኖራለች። አሁን ንጹሕ ሲፈለግ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ደህና የሆነ አንድ በተገኘ ቁጥር እየተሮጠ ይመዘናል።»

«እንዲህ ነዋ!» ይመር በስድቡ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ደስ አለው። «አሁን የሚፈለግበት ምክንያትስ?»

ጀማል ዓይኑን ከባንኮኒው አላነሳም። «እሱን እንኳ መናገር የኔ ድርሻ አይደለም።»

«ገብቶኛል። ሳይጸድቅ አይወራም፣ አይደል? አይዞህ፣ ስሾም አልረሳህም።»

ነጋዴው ካርድ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ፣ ማንም ቢሞት ፊቱ የማይለወጥ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ዓይኑ ቀላ። «ጋሽ ይመር፣ ሆድዎ እንዴት ነው? አሁንም ያምዎታል?»

«ጨጓራ እኮ ነው። ሹመት የማይፈውሰው ጨጓራ አለ ብለህ ነው?» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

የጨጓራው ነገር እንዲህ ነው። ለዓመታዊው ምርመራ ባልና ሚስት አብረው ሄደው ነበር። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ይመርን «እስቲ ኮሪደሩ ላይ አንዴ አረፍ ይበሉ» ብሎ አስወጣውና ሚስቱን ጥሩወርቅን አስገባ። መሣሪያው ሁሉ ተለውጧል፣ የሰው ልብ በክንድ ላይ ይታያል፣ ይህ ግን አልተለወጠም፤ ክፉ ነገር ለታማሚው አይነገርም፣ ለቤተሰብ ነው የሚነገረው። ሐኪሙ ለጥሩወርቅ የነገራት፣ ጨጓራው ውስጥ እጢ እንዳለ፣ ክረምት ሳይገባ ከተቆረጠ ይመር ድኖ የልጅ ልጅ እንደሚያይ፣ ካልተቆረጠ ግን መስከረምን እንደማያይ ነው። እሷም ወጥታ «ጨጓራ ነው አሉ፤ በርበሬ ይቀንስ አሉ» አለችው። ማታ ልትነግረው አሰበች፣ አንደበቷ ተሳሰረ። በማግስቱ ለወንድሟ ነገረች። ወንድሟ ምክር ልጠይቅ ብሎ ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ አበጋዝ ነገረ። ጋሽ አበጋዝም «እኛ በወጉ እንነግረዋለን፤ እስከዚያ ዝም በሉ» አሉ። በዚያው ሳምንት የይመር ካርድ መመዘን ጀመረ። ሰፈሩ ሁሉ አወቀ፤ ያላወቀው ይመር ራሱ ብቻ ነው።

ይመርማ ሹመቱን መኖር ጀምሯል። ግራጫ ሙሉ ልብስ አሰፋ። አረማመዱን ለወጠ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የፈነዳ ቧንቧ እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ለዓመታት የተኳረፈውን ጎረቤቱን ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው፤ ኃላፊ ሲሆን ተበቀለ እንዳይባል ነው። ጎረቤቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ እንባውን አወረደው። «እንዲህ የሚወደኝ ሰው ነው ለካ!» አለ ይመር ማታ ለጥሩወርቅ።

ጥሩወርቅ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። በርበሬ የሌለው ወጥ መሥራት ከጀመረች ወዲህ ሽንኩርት ታበዛለች፤ ዓይኗ ሁልጊዜ እንባ ያዘለ ነው፣ ይመርም አይጠይቃትም።

የአደባባዩ ሰሌዳ በየቤቱ ግድግዳ ላይም ይታያል፤ የሳምንቱ ሲቀየር ይመር ከሶፋው ዘሎ ተነሳ። «ነይ! ነይ እይ እንጂ! ተዋናይዋን አለፍኳት! ባሏን የፈታችውንም አለፍኳት!»

«አየሁት» አለች ከወጥ ቤት ሳትወጣ።

«ሳትመጪ ምኑን አየሽው? ደስ አይልሽም እንዴ ጥሩዬ? ለሜላት ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ ሩቅ አገር ሆና ጓደኞቿ ሁሉ አባትሽ ነው ወይ ይሏታል አሉ። ድምፅዋ ተዘጋ ከደስታ የተነሳ።»

ቢላዋው ቆመ። ጥሩወርቅ ብቅ ብላ በሩ ላይ ቆመች፤ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ይመርዬ» አለች።

«ወይ።»

«ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ጋሽ አበጋዝ፣ ሐጂ ሙሄና አቶ ደሳለው። ቤት ይጠብቀን ብለዋል።»

«ለምን ጉዳይ?»

«እነሱ ይንገሩህ» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ይመር ጭኑን መታ። «ገና ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ ደጅ ጥናት ጀመሩ! የእድሩ አዳራሽ ውሃ አልገባለትም፤ እሱ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?» አለ። የዚያን ሌሊት ሆዱን ክፉኛ ቆረጠው፤ ትራሱን አቅፎ፣ ለሽማግሌዎቹ የሚናገረውን እያሰበ ነጋለት።

ቅዳሜ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ተቀመጠ። ጥሩወርቅ ወንበሮቹን በር ፊት ለፊት ደርድራለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ፤ ሰላምታ ሰጡና በረድፍ ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ! ኖር፣ ኖር!» ይመር ወገቡን አጎንብሶ ወንበር ጎተተ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ አበጋዝ። ረጅም ሰው ናቸው፤ እድሜ ወገባቸውን አላጎበጠውም። «ለልመና ነው የመጣነው። የለመንንህን እሺ ካላልከን አንቀመጥም፤ ቆመን እንደመጣን ቆመን እንሄዳለን።»

ይህን ወግ ይመር በሰው ቤት ሲያየው ኖሯል። ሽማግሌ ይቆማል፣ ባለቤቱ «እስቲ ጉዳዩን ልስማ» ይላል፣ ክርክር ይሆናል፣ በመጨረሻ ይታረቃል። እሱ ቤት ግን ሽማግሌ ቆሞ አያውቅም። ለምኖት የሚያውቅ ሰውም የለም። አሁን የአገር ሽማግሌ ፊቱ ተሰልፎ ሲያይ ደረቱ ሞላ፤ እንደ ተራ ሰው ምንድነው፣ ስንት ነው፣ ለምንድነው እያለ መመርመር አሳፈረው።

«እናንተ ቆማችሁ እኔ ጉዳይ አልጠይቅም» አለ። «ምንም ይሁን ምን፣ እሺ ብያለሁ። ተቀመጡልኝ።»

ሐጂ ሙሄ ደንገጥ ብለው እጃቸውን አነሱ። «ተው ልጄ! መጀመሪያ ስማ። ነገሩ ከባድ ነው፣ ስማና ከዚያ መልስ።»

«ሐጂ፣ እርስዎን ያህል አባት ቤቴ መጥተውማ ጉዳይ አልመረምርም። ቃሌ ቃል ነው።»

«በማን ስም?» አሉ ጋሽ አበጋዝ ቀስ ብለው።

«በልጄ! ሜላት ትሙት፣ ከቃሌ አልወጣም!»

ከወጥ ቤት በኩል አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ጋሽ አበጋዝ ሁለቱን ባልደረቦቻቸውን አዩ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አቶ ደሳለውም ተቀመጡ። ሐጂ ሙሄ ግን ጥቂት ቆመው ቆዩና በመጨረሻ እሳቸውም ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ታመሃል» አሉ ጋሽ አበጋዝ።

«ጨጓራ ነው፤ ደህና ነኝ።»

«ጨጓራህ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እጢ ነው። ሐኪሙ ለሚስትህ ነግሯታል።»

ይመር ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሹመት፣ ሰሌዳ፣ የዳቦ ሰልፍ፣ የረዳቱ ክንድ፣ የጎረቤቱ እንባ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣበት። እጁ ሳያዘው ሆዱን ያዘ። «እሞታለሁ?» አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ክረምት ሳይገባ ከተቆረጠ ትድናለህ።»

«እድናለሁ? እድናለሁ ነው ያሉኝ?» እፎይ ብሎ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ሊስቅም ሞከረ። «እንዴት አስደነገጣችሁኝ! ታዲያ ምን ችግር አለ? ሰኞ እገባለኋ!»

ማንም አልሳቀም። የእድሩ ገንዘብ ያዥ አቶ ደሳለው ወለሉን እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኛ የመጣነው» አሉ ጋሽ አበጋዝ፣ «እንዳታስቆርጠው ልንለምንህ ነው።»

ይመር የሰማ አልመሰለውም። ሽማግሌው ግን ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ የስብሰባ ውሳኔ እንደሚያነብ ሰው፣ ቀጠሉ። እድሩ መቃብር የሚገዛበት አቅም አጥቶ ከርሟል። ያለፈው ክረምት የሞቱትን ያለ ድንኳን ነው የቀበሩት። የይመር ወሬ ሲመጣ ኮሚቴው ተሰብስቦ መከረ፤ ካዝናው ውስጥ ባለው ሁሉ በከተማው የተገኘውን ንጹሕ ካርዱን ገዛ፣ አስመዘነ፣ አሸገ። ይመር መስከረም ሳይጠባ ካረፈ፣ ካርዱ በውድ ዋጋ ይሸጥና የሰፈሩ መበለትና ደሃ ሁሉ ለዘመናት በክብር ይቀበራል። ድኖ ካርዱ ዳግም ከታተመ ግን እድሩ በዚያው ቀን ይፈርሳል።

«ካርድህን ታውቀዋለህ» አሉ አቶ ደሳለው። «ከታተመ ማንም አያነሳውም።»

«እኔ እኮ ሹመት መስሎኝ ነው» አለ ይመር። ዞር ሲል ጥሩወርቅ በሩን ይዛ ቆማለች። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንዴት አስቻለሽ?»

«በየቀኑ ልነግርህ ነበር» አለች። «በየቀኑ ስምህ ከፍ ይላል፣ አንተም ደስ ይልሃል። ተጋብተን ስንኖር እንደዚህ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል እነሱ ቀደሙኝ።»

«ቃሌን ባነሳስ?» አለ ይመር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። «ሳላውቅ ነው እሺ ያልኩት! አልሰማሁም እኮ!»

«ማን ያስገድድሃል ልጄ? ሐኪም ቤቱ ክፍት ነው፣ ሂድ» አሉ ጋሽ አበጋዝ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ እንዲያውም ያሳዝኑ ነበር። «ግን በልጅህ ምለሃል። ሦስታችን ሰምተናል፤ አገር ይሰማል። ነገ ሜላት ስትዳር የትኛው ሽማግሌ ደጅህ ይቆማል? ክፉ ቢያገኛት፣ በማልክባት ነው ይባላል። አንተስ ያን ጊዜ መኖርህን ትወደዋለህ?»

«ስማ ብዬው ነበር» አሉ ሐጂ ሙሄ ለማንም ሳይሆን ለጉልበታቸው። «ሳትሰማ አትመልስ ብዬው ነበር።»

ይመር ክርክር ፈለገ፣ አጣ። ስድብ ፈለገ፣ እነዚህን ሰዎች ደግሞ ሰድቦ አያውቅም። ሜላትን አሰባት፤ በስልክ ድምፅዋ የተዘጋው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው፣ እሷም ታውቅ ነበር። ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና አንገቱን ደፋ። ሽማግሌዎቹ ይህን እሺታ አድርገው ወሰዱት፤ እሱም አልካደም።

ጋሽ አበጋዝ ለመሄድ ተነሱ። ሳይመርቁ መውጣት ወግ አይደለምና ሁሉም ተነሳ፤ ጥሩወርቅም ነጠላዋን አስተካከለች። ሽማግሌው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዕድሜና ጤ…» ብለው ጀመሩና ቆሙ።

ምርቃት በዚያ ነው የሚጀመረው፤ ሲመርቁ ኖረው ሌላ አጀማመር ለምደው አያውቁም። አቶ ደሳለው ጫማቸውን አዩ። ሐጂ ሙሄ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«እግዜር ያክብርህ» አሉ ጋሽ አበጋዝ በመጨረሻ፣ ቶሎ ብለው። «ደግ ሰው ነህ። እግዜር ያክብርህ።»

«አሜን» አሉ ሁሉም። ይመርም ሲመረቅ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደለመደው መዳፉን ዘርግቶ ነበር፤ «አሜን» አለ።